የብዙዎች ሥርዓት
ስለ ስታቲስቲካል ሜካኒክስና ስለ ጠጣርና ፈሳሽ አካላት ፊዚክስ በጋይንት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የተሰጠኝ አርእስት፣ ማለት ስታቲስቲካል ሜካኒክስና የጠጣርና የፈሳሽ አካላት ፊዚክስ፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ብዙ ሌላ ትምህርት ተሻግሮ የሚደርስበት በመሆኑ፣ ከመካከላችሁ «ይህ ለእኛ ምን ይበጀናል» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ ቢኖር አልፈርድበትም። የንግግሬ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ በቀጥታ መመለስ ነው፤ ትምህርቱ የሚከብደው ሂሳቡ ስለ ረቀቀ ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ተማሪው ካደገበት ምድርና በዓይኑ ከሚያየው ሥራ ተነጥሎ ስለሚሰጠው መሆኑን፣ ከተቻለኝም የጉና ተራራና የባሺሎ ሸለቆ ከብዙ ቤተ ሙከራ የማያንሱ መሆናቸውን ለማሳየት እሞክራለሁ። አስቀድሜ የትምህርቱን መሠረተ ሐሳብ፣ ቀጥዬ ስለ ጠጣርና ፈሳሽ አካላት ያለውን ክፍል፣ በመጨረሻም ስለ አማማሩ የምለውን አቀርባለሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላመልክት።

እንግዲህ ከመሠረቱ ልጀምር። ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው የኒውተን ሜካኒክስ አንዱን አካል ለይቶ ይዞ፣ ዛሬ የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ካወቀ በኋላ፣ ነገ የት እንደሚደርስ የሚናገር ትምህርት ነው፤ ለተወረወረ ድንጋይም ሆነ ለጨረቃ ይህ መንገድ አያሳፍርም። ዳሩ ግን 18 ግራም ውኃ፣ ማለት አንድ የቡና ሲኒ እንኳ የማይሞላ ውኃ፣ 6 ብለን 23 ዜሮ ብናስከትል የምናገኘውን ያህል ሞለኪውል በውስጡ ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱን ተከትሎ ታሪኩን ልጻፍ የሚል ሰው ቢነሣ፣ ዕድሜው ይቅርና የዓለም ዕድሜ አይበቃውም። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ማክስዌል በ1860፣ ከእርሱም በኋላ ቦልትዝማን፣ ጊብስም በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኙት መውጫ ጥያቄውን መለወጥ ነበር፤ አንዱ ሞለኪውል ምን እንደሚያደርግ መጠየቁን ትተው፣ ሁሉም በአንድነት ሊቆሙባቸው የሚችሉ አኳኋኖች ስንት እንደሆኑ መቁጠር ጀመሩ።

ቁጥሩን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንሞክረው። አዳራሹን በሐሳብ ለሁለት ከፍለን አራት የአየር ሞለኪውሎች ብቻ እንዳሉበት ብናስብ፣ እያንዳንዱ በቀኝ ወይም በግራ ሊሆን ስለሚችል፣ ያሉት አኳኋኖች 16 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት በሁለት የሚካፈሉባቸው 6 ሲሆኑ፣ አራቱም በቀኝ የሚሰበሰቡበት ግን አንድ ብቻ ነው። ሞለኪውሎቹ መቶ ቢሆኑ ሁሉም በቀኝ የመሰብሰባቸው ዕድል 1 ብለን 30 ዜሮ ካስከተልን ቁጥር ውስጥ ከአንድም ያነሰ ይሆናል። ይህን ሁሉ አየር ብንወስድማ፣ በግራ የተቀመጣችሁት ወገኖቼ አየር አጥታችሁ ታፍናላችሁ ብሎ መፍራት እብደት ነው፤ ይህ እንዳይሆን የከለከለ ሕግ ግን የለም፤ የከለከለው የቁጥሩ ብዛት ብቻ ነው። ቦልትዝማን በሙቀት ትምህርት ኢንትሮፒ የተባለውን መጠን ከዚህ ከአኳኋኖች ብዛት ጋር በሎጋሪዝም አገናኘው፤ ቀመሩም ቪየና ባለው መቃብሩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ተማሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነውና። ዕድል የሚለውን ነገር ስንሰማ እርግጠኛነት የጎደለው፣ የድክመት ማካካሻ የሆነ ዕውቀት አድርገን የመገመት ልማድ አለን፤ አንዳንድ መምህራንም ሳይታወቃቸው እንዲህ አድርገው ያስተምሩታል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ስለ አንዱ ሞለኪውል ምንም ባናውቅም፣ ስለ ብዙዎቹ ግን ከማንኛውም ድንጋይ ውርወራ በሚበልጥ እርግጠኛነት ልንናገር እንችላለን። የአንዱን ዕጣ ለማወቅ መጓጓትን መተው የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ግዳጅ ነው፤ ሂሳቡ የሚከብደውም ይህን ግዳጅ ሳይፈጽም ለሚገባበት ሰው ነው።

አሁን ወደ ምድራችን እንውረድ። ከባሺሎ ቆላ ወጥታ በጉና ደጋ የተዳረች ሴት፣ በእናቷ ቤት የለመደችው የባቄላ ንፍሮ በአዲሱ ቤቷ እጅግ ዘግይቶ እንደሚበስልና ማገዶ እንደሚፈጅ በመጀመሪያው ሳምንት ታውቀዋለች፤ ውኃው እንዲያውም ፈጥኖ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ይቆያል። በዚህች ድስት ውስጥ የስታቲስቲካል ሜካኒክስ ትልቁ ሕግ ሦስት ጊዜ ይሠራል ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል፤ በዝግታ ላስረዳ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሞለኪውል አንድን ስፍራ ወይም አኳኋን ለመያዝ ተጨማሪ ጉልበት የሚያስፈልገው እንደሆነ፣ ያን ጉልበት የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያስፈልገው ጉልበት በእኩል ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥርም የሚደርሱት በእኩል ድርሻ እየተቆረሱ ይሄዳሉ፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ቆረሳው እየላላ ይመጣል።

መጀመሪያ ሕጉ የሚሠራው ከድስቱ ውጭ፣ በአየሩ ላይ ነው። የአየር ሞለኪውል ወደ ላይ ለመውጣት ክብደቱን መሸከም ስላለበት፣ ከባሕር ወለል ወደ ላይ በየ5500 ሜትሩ ግድም የአየሩ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነችው በነፋስ መውጫ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፤ ከ4100 ሜትር በሚያልፈው በጉና ራስ ላይ ደግሞ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛው በውኃው ፊት ላይ ነው፤ የውኃ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ተላቆ እንፋሎት ለመሆን እንደ ግድግዳ የቆመ ትልቅ ጉልበት መሻገር አለበትና፣ የሚያመልጡት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ውኃ ፈላ የምንለውም የሚያመልጡት ሞለኪውሎች ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። የውጭው ግፊት ባነሰበት አገር ይህ መተካከል በትንሽ ሙቀት ይደርሳል፤ ስለዚህ ውኃ በባሺሎ ሸለቆ በ95 ዲግሪ ግድም፣ በነፋስ መውጫ በ90 ግድም፣ በጉና ራስ በ86 ወይም በ87 ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድ ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሦስተኛው በባቄላው ውስጥ ነው፤ ፍሬው የሚላላው በውስጡ ያሉት ማሰሪያዎች አንዳንድ ሲበጠሱ ሲሆን፣ ለመበጠስም ጉልበት ያሻል፤ ለብዙ የኬሚካል ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲያንስ ፍጥነቱ በግማሽ ግድም ይቀንሳል። እንግዲህ ያቺ ሴት በየዕለቱ በእጇ የምታውቀው ነገር፣ ተማሪው በሦስተኛው ዓመት «ቦልትዝማን ፋክተር» እያለ በቃሉ የሚይዘው ነው። ይህን ሲነግሩት የማይደነቅ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አስቀድሞ የነገረው ሰው መጥፋቱ ግን ያሳዝናል።

ፈረንሳዊው ዣን ፔረን በ1908 ያደረገው ሥራ ይህንኑ የተራራ ሕግ ወደ አንዲት የውኃ ጠብታ ማውረድ ነበር። ከዛፍ ሙጫ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች አዘጋጅቶ በውኃ ከበተነ በኋላ፣ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በእያንዳንዱ ከፍታ ያሉትን ቆጠራቸው፤ በአየር ውስጥ ኪሎ ሜትሮች የሚፈጀው መሳሳት በዚያች ጠብታ ውስጥ ከፀጉር ውፍረት ባልራቀ ቁመት ተፈጸመ፤ ከዚህም የሞለኪውሎችን ቁጥር አውጥቶ አቶም ልብ ወለድ ነው ሲሉ የነበሩትን ዝም አሰኘ፤ በ1926ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ቦልትዝማን ይህን ሳያይ በ1906 በዱይኖ፣ በአድርያቲክ ባሕር ዳር፣ በገዛ እጁ ሞቷል።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልሻገር። አየር ቀጭን ነገር ስለሆነ ሞለኪውሎቹ አንዱ ስለ ሌላው ብዙ አያስቡም፤ ብረትና ድንጋይ፣ ውኃና ጨው ግን አቶሞቻቸው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የሚኖሩ ናቸውና፣ ከመጋፋቱ ራሱ በአንዱ ላይ የማይገኝ አዲስ ጠባይ ይወለዳል። አሜሪካዊው ፊሊፕ አንደርሰን በ1972 ባወጣው አጭር ጽሑፍ የተከራከረው ይህንኑ ነበር፤ ጥቃቅኑን ሕግ ሁሉ ያወቀ ሰው ብዙዎች ሲሰበሰቡ የሚሆነውን ሁሉ አወቀ ማለት አይደለም፤ በየእርከኑ አዲስ ሥርዓት አለና ለየራሱ መጠናት አለበት አለ። እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ።

ምስክሩን ከእስቴ ገበያ እናምጣ። ገበሬው የደነዘ ማረሻውን ወደ ቀጥቃጭ ሲወስድ፣ ቀጥቃጩ በወናፍ ያቀጣጠለው ከሰል ውስጥ ጨምሮ፣ መልኩ ከጥቁር ወደ ደም ቅላት፣ ከዚያም ወደ ብርቱካን ሲዞር እየተመለከተ ይጠብቃል፤ በጉጠት አውጥቶ በመዶሻ ይስለውና ጫፉን ውኃ ውስጥ ሲነክረው ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት የሚሆነው ይህ ነው፦ ንጹሕ ብረት ከ912 ዲግሪ በታች አቶሞቹን በትንሽ ሳጥን ስምንት ማእዘኖችና በመካከሉ አንድ አድርጎ ያኖራል፤ ከዚያ በላይ ሲግል ግን መካከለኛው ቦታውን ለቅቆ አቶሞቹ በማእዘኖቹና በስድስቱ ፊቶች መካከል ይሰለፋሉ፤ ይህ ሁለተኛው አሰላለፍ ከብረቱ ጋር ያለውን ጥቂት ካርቦን በቀላሉ ያስተናግዳል። ብረቱ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ያገኝ ነበር፤ በውኃ ድንገት ሲቀዘቅዝ ግን ተይዞ ይቀራል፣ ሳጥኑንም ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ማረሻው ጠንክሮ፣ ነገር ግን ተሰባሪ ሆኖ ይወጣል። ብልህ ቀጥቃጭ እንደ ገና በልኩ አሙቆ ተሰባሪነቱን ያበርደዋል። አገራችን ለዘመናት ስትንቀውና በቡዳነት ስታማው የኖረችው ይህ ሰው፣ በመልክ ብቻ የሙቀትን ደረጃ እያነበበ የአቶሞችን ሰልፍ የሚያዝዝ ባለሙያ ነበር፤ የፊዚክስ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወናፉ አጠገብ ለአንድ ቀን ቢያስቀምጣቸው፣ ክፍሉን ለአንድ ወር ዘግቶ ከሚያስተምረው የሚያንስ አይመስለኝም።

እዚያው እሳት አጠገብ ሌላ ነገር ማየት ይቻላል። ተራ ምስማር በሽቦ አንጠልጥለን ከሬዲዮ ድምፅ ማጉያ በተገኘ ማግኔት ብንስበው ይሳባል፤ ምስማሩን ከ770 ዲግሪ በላይ ብናግለው ግን ማግኔቱ እንደማያውቀው ይተወዋል፣ ሲቀዘቅዝም እንደ ገና ይይዘዋል። በብረቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች እያንዳንዳቸው የሚያዩት ጎረቤታቸውን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከአንድ ወሰን በታች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የሚቆሙት እንዴት ነው? በጀርመን አገር ኤርንስት ኢሲንግ ይህን ጥያቄ ከመምህሩ ከሌንዝ ተቀብሎ፣ በአንድ መሥመር ለተሰለፉ ማግኔቶች ፈታው፤ በ1925 ያሳተመው መልስም በአንድ መሥመር ላይ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ እንዲህ ያለ ስምምነት እንደማይጸና ነው፤ አንዲት ጥሰት መሥመሩን ለሁለት ትከፍለዋለችና። ከዚህም ተነሥቶ በጠጣር አካል ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፤ ግምቱ ግን ስሕተት ነበር፤ ላርስ ኦንሳገር በ1944 በገጽ ላይ ለተሰለፉት ስምምነቱ እንደሚጸና በሙሉ ሂሳብ አሳየ። በገጽ ላይ ጥሰቱን የሚከብቡት ጎረቤቶች ብዙ ናቸውና።

ይህ ትምህርት በአገራችን ሥር አልሰደደም የሚል ቢኖር፣ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን እጠቅስለታለሁ። በሕንድ አገር በባንጋሎር የሳይንስ ተቋም የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሲያጠኑ፣ ከመምህራቸው ከአናንታክሪሽና ጋር ያሳተሙት ሥራ ብረታ ብረት በጫና ሥር ቀስ በቀስ ሲለጠጥ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበትን ምክንያት የሚመረምር ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰውም ስታቲስቲካል ፊዚክስን አስተማሩ። በደርግ ዘመን ታስረው ሥቃይ ደርሶባቸዋል፤ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበርም በ2012 ስለ ሰብአዊ መብት የሚሰጠውን የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። ከመስፍን አስፋው ጋር በ2004 ያሳተሙት ጥናት ስለ አንዲት እጅግ ደቃቅ ሞተር ነው፦ በፈሳሽ ውስጥ የምትንሳፈፍ ቅንጣት ከየአቅጣጫው በሞለኪውሎች ስትመታ ወዲያና ወዲህ ትዋዥቃለች እንጂ የትም አትደርስም፤ መንገዷ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ሽቅብና ቁልቁል ሆኖ፣ የጥርሱ አንዱ ጎን ሞቃት ሌላው ቀዝቃዛ ቢሆን፣ ከሞቃቱ ጎን ሽቅቡን መውጣት ስለሚቀላት ወደ አንድ ወገን መጓዝ፣ ሸክምም መሳብ ትጀምራለች። ጸሐፊዎቹ የመረመሩት ይህች ሞተር ምን ያህል ኃይልና ምን ያህል ብቃት ሊኖራት እንደሚችል ነበር። ቀድሞ ለባቄላው የነገርኋችሁ የቆረሳ ሕግ ይኸው እንደ ገና መጣ፤ ሽቅቡን የሚወጡት ብዛት በጉልበቱና በሙቀቱ ድርሻ ይወሰናልና።

እንግዲህ ሦስተኛው ነገር የአማማሩ ነው። ብዙ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀመር በቃሉ ይሸመድዳል ብለው ይወቅሳሉ፤ እኔ ወቀሳው ስፍራውን የሳተ ይመስለኛል። በዚሁ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ከየአገሩ የድጓ ሊቃውንት ለመመስከር የሚመጡባት ናት፤ የዚያ ተማሪም የሚጀምረው በቃል ጥናት ነው። ግን የያዘውን ዜማ በመምህሩ ፊት ይቀጽለዋል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ ግዕዙን ከዕዝሉና ከአራራዩ ለይቶ በማኅሌት ይቆምበታል፤ ያጠናው ነገር በየበዓሉ ሥራ ላይ ይውላል። የእኛ ተማሪ ደግሞ «ፓርቲሽን ፈንክሽን» የተባለውን የቦልትዝማን ፋክተሮች ድምር በፈተና ዋዜማ ይይዘዋል፣ በማግስቱ ይጽፈዋል፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አያዜመውም። ጉድለቱ ከመሸምደዱ ሳይሆን የተሸመደደው ነገር ማኅሌት ከማጣቱ ነው። ከ2023 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ተማሪውን እንዲያነብ ማስገደዱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከአራት መልሶች አንዱን መምረጥ ብቻውን ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ስለ መጻሕፍቱም አንድ ቃል ልጨምር። በየዩኒቨርሲቲው የሚነበቡት የራይፍና የኪተል መጻሕፍት እጅግ መልካም ናቸው፤ ምሳሌዎቻቸው ግን በሌላ አገር ቤተ ሙከራ የተቃኙ ስለሆኑ፣ ሂሳቡን በትክክል የሠራ ተማሪ እንኳ ስለ ምን እንደሠራ ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የመምህሩ ነጻነት ነው። በ1924 በዳካ ያስተምር የነበረው ሳትየንድራ ናት ቦስ የፕላንክን የጨረር ሕግ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ፣ በመጻሕፍት ያለው አመክንዮ እርስ በርሱ የማይስማማ መሆኑ ስላላረካው፣ አቆጣጠሩን ራሱ ለወጠው፤ የብርሃን ቅንጣቶች አንዱ ከሌላው የማይለዩ ናቸውና ሁለቱን ብናለዋውጥ አዲስ አኳኋን አይቆጠርም አለ። ጽሑፉን ለአይንስታይን ላከለት፤ አይንስታይንም በእጁ ወደ ጀርመንኛ መልሶ አሳተመለት፤ ሐሳቡንም ወደ አቶሞች አስፋፋው፤ ከዚያ የተተነበየው የቁስ አኳኋን በ1995 በቤተ ሙከራ ተገኘ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሩቅ አገር መምህር የክፍል ዝግጅት መነሣቱን፣ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር የሚያስተምሩ ወንድሞቼ እንዲያስቡበት እወዳለሁ።

አሁን የዚህ አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሊሠሩት የሚችሉትን አንድ ሥራ አመልክቼ አበቃለሁ። ሦስት ተማሪዎች አንዳንድ ቴርሞሜትር ይያዙ፤ አንዱ ከስማዳ ወደ ባሺሎ ይውረድ፣ ሁለተኛው በነፋስ መውጫ ይቆይ፣ ሦስተኛው ወደ ጉና ይውጣ፤ በአንድ ቀን፣ በተቀራረበ ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ አፍልተው ሲንተከተክ ያለውን ሙቀት ይጻፉ፤ ቴርሞሜትሮቹን አስቀድመው በአንድ ድስት ውስጥ እርስ በርሳቸው ያስተያዩአቸው። ግፊት የሚለካ መሣሪያ ከሌለ፣ የየስፍራውን ከፍታ ይዘው ቀድሞ ባልሁት በየ5500 ሜትሩ በግማሽ በሚቀንሰው ሕግ ግፊቱን ያስሉ። ከዚያ የግፊቱን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በአንድ ወገን፣ አንድ ከ273 ጋር ለተደመረው ሙቀት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር በሌላው ወገን አድርገው በወረቀት ላይ ሦስቱን ነጥቦች ቢያስቀምጡ፣ ቀጥ ባለ መሥመር ላይ ሊወድቁ ይገባል፤ የመሥመሩ ዝንባሌም በጋዝ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ 18 ግራም ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያሻውን ጉልበት ይሰጣቸዋል፤ እርሱም 40 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ወደ 35 ወይም ወደ 45 ቢደርሱ ቴርሞሜትሩን ይመርምሩ፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር ቢመጣ ግን ውኃው በእውነት ፈልቶ እንደነበረ ይጠይቁ።